የሰማውን ብቻ ጠይቆ ሂስ ተቀበልሁ ማለት አይቻልም

ማንኛውም የሕዝብ ተቋም የሚሰጠው አገልግሎት በትክክል የሚመዘነው በተቋሙ ሪፖርት ውስጥ ሳይሆን አገልግሎቱ ሊደርሰው በሚገባው ሰው ኑሮ ውስጥ ነው። ይህ አባባል በየስብሰባው አዳራሽ ተደጋግሞ ስለተነገረ የሚቃወመው ሰው አይገኝም፤ የሚቸግረው በሥራ ላይ ሲውል ነው። በቅርብ ዓመታት ከፍተኛ የትምህርት ተቋሞቻችን የተማሪ ጥሪን፣ የምዝገባ ቀንን፣ የማደሪያ ድልድልንና ልዩ ልዩ መመሪያዎችን በድረ ገጽ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም ማስታወቅን ዋነኛ አሠራራቸው አድርገውታል። አሠራሩ ምን ያህል እንደተሳካ ለማወቅም የተጠቃሚውን አስተያየት የሚሰበስቡ መጠይቆችን የሚያወጡ አሉ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። አገልግሎት ሰጪው ራሱን ለሂስ ማቅረቡ ከብዙ ዘመን የቢሮክራሲ ልማዳችን አንድ እርምጃ ወደፊት መራመድ ነው። ይሁን እንጂ መጠይቁ የሚለጠፈው የት ነው? የሚመልሰውስ ማን ነው? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በቅድሚያ ካልተነሡ ሂስ መቀበል የተባለው ነገር በመስተዋት ፊት ቆሞ በራስ መልክ ከመደሰት አያልፍም።

ጉዳዩን ከሆመቾ ላይ ሆነን እንመልከተው። ሆመቾ በሀዲያ ዞን የጊቤ ወረዳ ከተማ ናት። በሆሳዕና የሚገኘው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፣ በኋላም በዱራሜ ካምፓስ ሲከፈት፣ ከፍተኛ ትምህርት ለሀዲያና ለከምባታ ሕዝብ በአካል ቀርቧል። ነገር ግን የተማሪዎች ምደባ አገር አቀፍ በመሆኑ ከሆመቾና ከዙሪያዋ የእንሰት መንደሮች የሚወጣ ወጣት ዕጣው ሰመራ፣ ጅግጅጋ ወይም መቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለዚህ ወጣት በሩቁ ግቢ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ምንም አይፈይድለትም። ሁለት ቀን ተጉዞ፣ ሰሌዳ አንብቦ፣ ቀኑ ገና ነው ተብሎ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ያውቁታል። ስለዚህ በስልክ የሚደርስ ማስታወቂያ ትልቅ መሻሻል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አሠራሩን ማንቋሸሽ አይደለም። ጥያቄው በትክክል ይደርሳል ወይ ነው፤ አለመድረሱንስ የሚያውቅ አለ ወይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቅርብ የሚያውቃት አንዲት የሆመቾ ልጅ አለች። የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ነው፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። የዚያ ዓመት ጥሪ ሐሙስ ማታ በቴሌግራም ወጣ። ምዝገባው የሚካሄደው በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞና ረቡዕ ነበር። በቤቷ ያለው ባለቁልፍ ተራ ስልክ ነው። በሰፈሩ ኢንተርኔት የሚያይ ቀፎ ያለው፣ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ወንድሙ የላከለት አንድ ጎረምሳ ሲሆን፣ ከዓርብ ጀምሮ መብራት በመጥፋቱ የእሱም ስልክ ባትሪው አልቆ ተኝቷል። ልጅቷ ወሬውን የሰማችው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ከሆሳዕና ከመጣ ሚኒባስ ከወረደ ሰው ነው። ረቡዕ አባቷ የመጓጓዣ ብር ሲበደሩ ዋሉ። ዓርብ ከሰዓት ብርድ ልብሷን፣ አንሶላዋን፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቷን ዋናውንና ኮፒውን፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ ከበሩ ደረሰች።

የጥሪ ማስታወቂያዎችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ወላጅ የለም፤ ከተጠቀሰው ቀን በፊትም ሆነ በኋላ የሚመጣን ተማሪ ተቋሙ አያስተናግድም የምትለዋን። በበሩ ላይ ሥራ ላይ የዋለችው እርሷ ናት። የጥበቃ ሠራተኛው ግን ቢያንስ አንጀቱ አልቻለም፤ «እህቴ፣ እንዳንቺ ያሉ ዛሬ ብቻ ሰባት መልሻለሁ» አላት። ልጅቷ አንድ ዓመት ቤቷ ተቀመጠች። ጎልማሶቿ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚሰደዱባት በዚህች ምድር አንድ ባዶ ዓመት ለአንድ ወጣት ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሚያመጣበት የሆሳዕናም ሆነ የዱራሜ ወላጅ ይመሰክራል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ዩኒቨርሲቲ በዚያው የቴሌግራም ቻናል ላይ መጠይቅ አወጣ። ማስታወቂያዎቻችን በወቅቱ ይደርሱዎታል? ግልጽ ናቸው? በአጠቃላይ ምን ያህል ረክተዋል? የሚሉ ነበሩ ጥያቄዎቹ። የመለሱት ቻናሉን በየዕለቱ የሚያዩ፣ በግቢው ገመድ አልባ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ፣ የተመዘገቡና ማደሪያ የያዙ ተማሪዎች ናቸው። ከመላሾቹ አብዛኞቹ መርካታቸው ተገለጸ። ሐሰት አልነበረም፤ የመለሱት በእርግጥ ረክተዋል። ነገር ግን ከበሩ የተመለሱት ሰባቱ በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም፤ ሊኖሩም አይችሉም። ማስታወቂያው ያልደረሰው ሰው ስለ ማስታወቂያው የሚጠይቀው መጠይቅም አይደርሰውም። ሁለቱም የሄዱበት መንገድ አንድ ነውና።

ይህ ስሕተት በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ ታዋቂ መጽሔት ማን ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ለማወቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ። አድራሻዎቹን በብዛት የሰበሰበው ከስልክ ደብተርና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ተመለሰለት፤ በዚያ ግዙፍ ቁጥር ተማምኖም ላንደን የተባሉት ተወዳዳሪ ሩዝቬልትን እንደሚያሸንፉ አወጀ። በምርጫው ቀን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። ዘመኑ ሥራ አጥነት የበረታበት፣ ስልክና መኪና ያለው ሰው ከሌለው በኑሮ የሚለይበት ዘመን ነበር። በዚያ ላይ ካርዱ ከደረሳቸው መካከል ብዙዎቹ አልመለሱም፤ ያልመለሱትም እንደመለሱት አያስቡም ነበር። የመልሱ ብዛት ስሕተቱን አላረመውም፤ ደፋር አደረገው እንጂ። መጽሔቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የዩኒቨርሲቲ መጠይቅ የአገር መሪ አይመርጥም፤ ነገር ግን ባለ ስልኩን ጠይቆ ስልክ ስለሌለው ሰው መደምደም በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው።

ከራሳችን ልማድ የምንማረው ይበልጣል። በጥንቱ ዘመን አዋጅ ሲነገር ነጋሪት ከተጎሰመ በኋላ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። የመንግሥት ሕግ ማውጫ ጋዜጣ ነጋሪት የተባለው በዚያ ከበሮ ስም ነው። በዚያች አጭር ቃል ውስጥ ትልቅ ማስተዋል አለ፦ አዋጅ ነጋሪው ሁሉም እንዳልሰማ ከመነሻው ያምናል። ያልሰማ ሰው መኖሩን የሥራው አካል አድርጎ ይጀምራል። የዛሬው የኦንላይን ማስታወቂያ ግን የተለጠፈን ሁሉ እንደተሰማ ይቆጥራል።

ከነጋሪቱም ይልቅ እድራችንን እንመልከት። በአብዛኛው የከተማ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ በማለዳ ጡሩምባውን ይዞ በየመንደሩ ይዞራል። መልእክቱ አጭርና ግልጽ ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ። ከቀብር መልስ ደግሞ ስም ይጠራል። የቀረ ሰው ይታወቃል፤ በቅጣቱም ሰበብ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። «ጡሩምባው ከወንዙ ማዶ አይሰማም» ያለ አባል ሲበዛ እድሩ ሌላ ለፋፊ ይጨምራል ወይም ለፋፊውን መንገዱን ያስቀይረዋል። እድሩ ለመጡት አባላት ጡሩምባው ምን ያህል እንዳረካቸው የሚጠይቅ ቅጽ አያድልም። የሚያየው የቀሩትን ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሽማግሌዎች ያቋቋሙት ማኅበር ዶክተሮች የሞሉበት ተቋም የሳተውን ነገር አልሳተም ስንል ማሽሟጠጣችን አይደለም፤ ልዩነቱ በዕውቀት ሳይሆን በተጠያቂነት ነው። የእድር ዳኛ ካልሰማው ሰው ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራል፤ ነገ ይገናኛሉ።

የማስታወቂያውን ይዘት ስንመረምር ደግሞ አንድ ሌላ ነገር እናገኛለን። ብዙውን ጊዜ በቻናሉ ላይ የሚለጠፈው ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶግራፍ ነው። ማኅተሙ ትክክለኛነቱን ለማረጋገጥ ታስቦ ነው፤ በሐሰተኛ ቻናሎች የሚወጣ የውሸት ጥሪ ስላለ ጥንቃቄው አይነቀፍም። ነገር ግን ፎቶግራፉ ለመከፈት ብዙ ዳታ ይበላል፤ በትንሽ ስልክ ላይ ፊደሉ አይነበብም፤ በተራ ስልክ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ቀኑስ? አንዳንዱ ማስታወቂያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ አንዳንዱ በፈረንጆቹ፣ አንዳንዱም ምንነቱን ሳይገልጽ ይወጣል። 5/10 ተብሎ የተጻፈውን የሆመቾ ገበሬ ሰኔ 5 ብሎ ቢያነበው አልተሳሳተም፤ የጻፈው ባለሙያ ግን የፈረንጆቹን ኦክቶበር 5፣ ማለትም በ2018 ዓ.ም. አቆጣጠር መስከረም 25ን ማለቱ ነበር። 8፡30 ላይ ይጀመራል ሲባል ከምሳ በኋላ ነው ብሎ የሄደ ሰው፣ ነገሩ ጠዋት 2፡30 ተጀምሮ ወረፋው ሲያልቅ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ስሕተት በምንም የእርካታ መጠይቅ ላይ አይታይም፤ ምክንያቱም መጠይቁ «ግልጽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ በተሳሳተ ቀን የገባው ሰውም «አዎ፣ ገብቶኛል» ብሎ ይመልሳል። አንድ ወላጅ አስቀምጦ «ይህን አንብበው፤ ልጅህ መቼና በስንት ሰዓት ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ከአንድ ሺህ የእርካታ ቅጽ ይበልጣል።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እንደተካሄደ ይታወሳል፤ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ዘመቻው ጉድለት አልነበረውም አይባልም። ፊደል ቆጥረው፣ የሚያነቡት ነገር አጥተው መልሰው የረሱት ብዙ ናቸው። ሆኖም አንድ መሠረታዊ ነገር ተገንዝቦ ነበር፤ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ተማሪው ወዳለበት ሄዶ በሚሰማው ቋንቋ መናገር እንዳለበት። ዛሬ ለተማሪው የሚወጣው ማስታወቂያ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መሆኑ ለተማሪው አይከብድ ይሆናል። የመጓጓዣውን ብር የሚበደሩት፣ ላሟን የሚሸጡት፣ እንሂድ አንሂድ ብለው የሚወስኑት ግን እናትና አባት ናቸው።

«ለተራ ስልክ መድረስ አይቻልም» የሚል ካለ፣ በተግባር የታየ ምሳሌ አለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በድረ ገጽና በቴሌግራም ብቻ ሳይሆን በ6284 አጭር መልእክት እንዲታይ ተደርጓል። የውጤቱን ቁጥር በማንኛውም ቀፎ ማየት ከተቻለ የምዝገባውን ቀን ማየት የማይቻልበት ምክንያት የለም። በአንድ መንገድ ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያስከትለውን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. አይተናል። በዚያ ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በአገሪቱ ተገድበው ነበር። ዓመቱ የፈተናው የማለፊያ ነጥብ ያላመጡ በርካታ ተማሪዎች ሬሜዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው እንዲከታተሉ የተደረገበት ዓመት ነበር። ቪፒኤን መጫን የሚያውቅ የከተማ ልጅ መንገዱን አገኘ። የማያውቀው ከጓደኛ አፍ የሰማውን ይዞ ተጓዘ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይቀርባል፤ ባዶ ተቃውሞም አይደለም። ተማሪው አዋቂ ሰው ነው፤ የራሱን ጉዳይ መከታተል የእሱ ግዴታ ነው ይባላል። እውነት ነው። ስልክ ይዞ ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ሲያይ ውሎ «ጥሪው አልደረሰኝም» የሚል ወጣትም አለ፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ሁለቱን ያውቃል። ነገር ግን ሰነፉን ካልደረሰው ለመለየትም ቢሆን መጀመሪያ የቀሩትን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳይጠይቁ ሁሉንም ሰነፍ ማለት ለተቋሙ የሚመች እንጂ የተረጋገጠ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። ግልጽ የሚለው ቃል የሚመዘነው ከተናጋሪው ወገን ብቻ ከሆነ ድንጋጌው ግማሹ ይቀራል።

የአስተያየት መስጫ ሣጥንን ሁላችንም እናውቀዋለን። በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ፣ ከዜጎች ቻርተር ሰሌዳ አጠገብ፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ተሰቅሏል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ «ባለሙያው ለስብሰባ ወጥቷል» የሚል ነው። የኦንላይን መጠይቅ የዚያ ሣጥን ልጅ እንዳይሆን ያሰጋል። አስተያየት የሰጠ ሰው ምን እንደተደረገበት ካልተነገረው ሁለተኛ አይሰጥም። በሠራተኛው ዘንድም የታወቀ ነው፤ በግምገማ ላይ የተናገረው ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገብቶ የቀረበት ሠራተኛ በሚቀጥለው ግምገማ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ከዚያም ዝምታው እንደ እርካታ ይመዘገባል። ስለዚህ ተቋሙ ከመጠይቁ በኋላ ይህ ተባልን፣ ይህን አስተካከልን፣ ይህን ደግሞ በዚህ ምክንያት አላስተካከልንም ብሎ በዚያው ሰሌዳ ላይ ማውጣት አለበት። ግለሂስ ከተባለ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ማስተካከል ያልቻለውን በግልጽ የሚናገር ተቋም በቀረው ነገር ይታመናልና።

መረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የጥበቃ ሠራተኛው በዚያ ዓርብ ሰባት ተማሪ መመለሱን ያውቃል። የሬጅስትራር ጸሐፊዋ «ቀኑ አልፎብኝ ነው» እያለ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ትቀበላለች። የምግብ ቤት ሠራተኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከግቢው በር ላይ ሻይ የምታፈላው እናት ቅሬታውን ከማንም ቀድመው ይሰማሉ፤ ተማሪው የሚያለቅሰው እነርሱ ፊት ነው። የአስተያየት ጥናት ሲካሄድ እነዚህ ሠራተኞች የሚጠየቁበት ጊዜ ይኖር ይሆን? ተገልጋይ አይደሉም ተብለው ይዘለላሉ። ከሠራተኛው አፍ ሊገኝ የሚችለውን ትቶ ከውጭ በተገዛ ሶፍትዌር የእርካታ መጠን ማስላት በራፍ ላይ ያለውን ውሃ ትቶ ወንዝ መውረድ ነው።

ከሁሉም በላይ ተቋሙ እጅ ውስጥ ያለ አንድ ዝርዝር አለ። የተመደቡትን ስም ያውቃል፤ የተመዘገቡትንም ያውቃል። ሁለቱን ሲያስተያይ የሚቀረው ስም ትክክለኛው የመጠይቅ መነሻ ነው። በምዝገባው ማግስት በዚያ ዝርዝር ላይ ላለው እያንዳንዱ ተማሪ መደወል፣ ስልክ የሌለውን በትምህርት ቤቱ ወይም በቀበሌው በኩል መፈለግ፣ «ጥሪውን ሰምተሃል? መቼ? ከማን?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ክፍል ሠራተኞች የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። አንዳንዱ ሐሳቡን ለውጦ ወይም ታምሞ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ተሰድዷል። ያልሰማው ስንት እንደሆነ ግን በዚህ መንገድ ይታወቃል፤ ከታወቀም በኋላ ለዘገየው በር መክፈት ወይም አለመክፈት የፍትሕ ጥያቄ መሆኑ ሊካድ አይችልም። ለተመዘገቡትም ቢሆን «ረክተዋል?» ከማለት «ጥሪውን በወጣ በስንተኛው ቀን ሰማችሁ?» ማለት ይሻላል፤ በአምስተኛው ቀን ሰምቶ ለጥቂት የደረሰ ተማሪ ለሚመጣው ዓመት ቀሪ ማስጠንቀቂያ ነውና።

በበኩላችን በየቀበሌውና በየእድሩ ያለን ሰዎች ነገሩን ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ትተን መቀመጥ አይገባንም። ጥሪ በሚወጣባቸው ሳምንታት ስልክ ያለው ወጣት ያየውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር፣ በእህል ወፍጮው፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ አጠገብ ቢለጥፍ፣ የእድሩ ለፋፊም በገበያ ቀን አንድ ጊዜ ቢናገር ምንም ወጪ የለውም። የሆመቾዋ ልጅ አባት ይህን ስነግራቸው «እኔማ ጡሩምባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ይመስለኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን ዝም አሉና «ለመሆኑ ያልመጡት የት ቀሩ ብሎ የጠየቀ አለ?» አሉኝ።

ልጅቷ በተከታዩ ዓመት ተመዘገበች። በዚያ ጊዜ ጥሪው ከመውጣቱ አንድ ሳምንት ቀድማ ሆሳዕና ዘመድ ቤት ሄዳ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር። በምዝገባው ቀን የተሰጣት ቅጽ ስሟን፣ የአያቷን ስም፣ የትውልድ ወረዳዋን፣ የደም ዓይነቷን፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ ይጠይቃል። ጥሪውን ከማንና መቼ እንደሰማች የምትጽፍበት መስመር አልነበረውም።